ብዥ ያለው ፊት

ይልቃል ከሥራ የተረፈውን ጊዜ የሚያሳልፈው ጓዳው ውስጥ ባቆማት ትንሽ የሌዘር መቁረጫ ማሽን ነው። ቁልፍ መያዣ ይቆርጥባታል፣ ስም ይቀርጽባታል፤ ሰማያዊዋ ጨረር እንጨቱን እየለበለበች ስትመላለስ፣ የማራገቢያዋ ድምፅ የደሴ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ከሚያሰማው ጩኸት ጋር ተደባልቆ ቤቱን ሲሞላው፣ ልቡ ረገብ ይልለት ነበር። ዛሬ ግን አልረገበም። ነገ የሚስቱ የትርሲት ሙት ዓመት ነው፤ ሰው ሲሰበሰብ መልኳን በእንጨት ቀርጾ ግድግዳው ላይ ሊሰቅል ለራሱ ቃል ገብቷል፣ ማሽኗ ደግሞ እንቢ ብላለች።

የሚቀርጸውን ፎቶ የተነሳችው ሐይቅ ዳር ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ሽፋሽፍቷ ሳይቀር ይታያል። በሚቀርጽበት ስስ እንጨት፣ ኮምፔንሳቶው ላይ ግን ፊቷ ብዥ አለ። ጥፋቱ የሌንሱ መሰለው፤ ከማሽኗ ጋር የመጣው ርካሽ ሌንስ ጨረሯን አጥብቦ አንድ ነጥብ ላይ ማሳረፍ አይችልምና ነጥቧ የምስር ፍሬ ታህላለች። እየተራገመ ፈታው፣ ከአሮጌ ካሜራ ያወጣውን ሌንስ ገጠመ፣ ከፍታውን አስተካክሎ መከላከያ መነጽሩን አጠለቀና እንደገና አስነሳት።

የቀሚሷ አበባ ጥርት ብሎ ወጣ። የአንገቷ ዶቃ አንድ በአንድ ተለየ። ፊቷ ግን ብዥ እንዳለ ቀረ።

ደሙ ፈላ። እንጨቱ ዝርግ ነው፤ አንገቷ ከጠራ ፊቷ የማይጠራበት ምን ምክንያት አለ?

«ይልቄ፣ ተወው በቃ» አለች እትዬ ደብሬ ከሳሎን። የትርሲት ታላቅ እህት ናት፤ ለነገው ድግስ ልታግዝ መጥታ ከጠዋት ጀምሮ ወደ ጓዳው ዝር አላለችም።

«አንቺማ አይተሻታል» አላት።

ዓመቱን ሙሉ ያንገበገበው ይኸው ነው። ትርሲት ስትሞት እሱ ለሥራ ሩቅ አገር ነበር፤ እንዳይደነግጥ ተብሎ መርዶው የተነገረው ከተቀበረች በኋላ ነው። ያጠበቻትም፣ ስትገነዝ አጠገቧ የቆመችውም እትዬ ደብሬ ናት። እሱ የመጨረሻ መልኳን አላየም።

እልህ ያዘው። ሌንሱ ላይ ሌላ ሌንስ ደረበና ነጥቧን የመርፌ ጫፍ አሳከላት። በዚህኛው እንጨት ፊቷ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ወጡ፣ አግድምና ቁልቁል። ማሽኗን የሚያንቀሳቅሰው ቺንጋ ላልቶ ይሆናል ብሎ አጠበቀው። ሽታው ግን ግራ አጋባው፤ የሚጤሰው እንጨት ሆኖ ሳለ ጓዳውን የሞላው ካውያ የተረሳበት ጨርቅ ሽታ ነው። መስኮቱን ከፈተ፤ ሽታው ባሰበት እንጂ አልወጣም።

የቀረችውን አንዲት ቁራጭ እንጨት አስገባ። ሌንሱን በጣቶቹ ጫፍ በጥቂት በጥቂቱ እያዞረ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ነጥቧ ከዚህ በላይ ልትጠብ እስከማትችል ድረስ አጠበባት። ማሽኗ ጨርሳ ስትቆም ዝናቡም አባርቶ ነበርና ቤቱ ጭር አለ። ጥላሸቱን በመዳፉ ጠረገው።

ብዥታ አልነበረም። መስመሮቹ ክር ናቸው። ፎቶው ላይ የሌለ የመግነዝ አቡጀዲ ከግንባሯ እስከ አገጯ ፊቷን ሸፍኖታል፤ ድሩና ማጉ ይቆጠራል፣ ከሥሩ የአፍንጫዋ ቅርጽ ይለያል። ሌንሱ ምንም ጥፋት አልነበረበትም።

መስመር የወጣበትን የፊተኛውን እንጨት አንስቶ ከዚህኛው ጎን አስቀመጠው። በዚያኛው ጨርቁ አፏ ላይ ወደ ላይ ተነፍቷል። በዚህኛው ወደ ውስጥ ተስቦ ከንፈሯ ላይ ተለጥፏል። ይልቃል ጠረጴዛውን ተደገፈ።

«እትዬ» አለ።

እትዬ ደብሬ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እንጨቶቹን አላየቻቸውም፤ ዓይኗ መሬት ላይ ነው። «ሰው ሁሉ ሬሳው እስኪወጣ ደጅ ቆሞ ይጠብቅ ነበር» አለች ቀስ ብላ፤ «ደግሞ ከተገነዘች በኋላ አንዴ ብቻ ነው የተነፈሰችው።»