የመተማው ሳጥንና የባየሽ ቦርሳ

ከዚህ ታሪክ አንዲት ቃል ጨምሬ እንደሆነ፣ የሽንፋ ወንዝ ሞልቶ ከመንገደኛው ሁሉ እኔን ብቻ መርጦ ይውሰደኝ! ባለፈው ሰሞን ከወሎ ለሰሊጥ አጨዳ የመጣ አንድ ጎረምሳ «ጋሽ አምባው፣ ይቺን እንኳ ትንሽ ቀነስ ያድርጓት» ቢለኝ፣ በንዴት ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም። ምኑን ነው የምቀንሰው? አውሮፕላኗን? ሳጥኗን? ወይስ የባየሽን ቁጣ? የእሷ ቁጣ እንኳን ሊቀነስ ተነግሮም አያልቅ። ደግሞ ሰዎቹ በሕይወት አሉ፤ ገንዳ ውሃ ሄዶ መጠየቅ ነው።

ዘመኑ ሰባ ሰባት ነው። የዚያን ዓመት ክረምት የመተማ ዋልካ አንድ ትራክተር እስከ ጭስ ማውጫው ውጦ አስቀርቷል። እስከ ጎማው ብቻ ነው የሚሉ አሉ፤ እነሱ አልነበሩም። ወደ ጎንደር የሚወጣ መኪና ስለጠፋ፣ የመንገደኛው ተስፋ በየሐሙሱ ጠጠራማው ሜዳ ላይ የምታርፈው ትንሿ አውሮፕላን ነበረች። እሷም ብትሆን ከብቱ ካልተባረረላት አታርፍም።

የሜዳው ሹም ደምለው ይባላል። ሹም አልኩ እንጂ ትኬት ቆራጩም፣ ሻንጣ መዛኙም፣ ከብት አባራሪውም እሱው ነበር። ዕድሜው ሃያ አምስት ቢሆን ነው፤ ነጭ ሸሚዝ የሚለብስ፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሳ፣ ቁመቱ ግን የአውሮፕላኗን ክንፍ ያለ መሰላል የሚያጥብ። ከሻይ ሳጥን ጣውላ የሠራት ክዳን የሌላት ሳጥን ነበረችው። ጎኗ ላይ በቀይ ቀለም «45 በ35 በ25። እዚህ ያልገባ በእጅ አይያዝም» ተብሎ ተጽፏል። ሕጉ እንዲያው ከሰማይ የወረደ አይደለም። አንድ ጊዜ አንዲት ነጋዴ ከእጄ አይለይም ብላ የያዘችው የሽንኩርት ጆንያ አየር ላይ ተፈትቶ፣ ሽንኩርቱ እስከ አብራሪው እግር ድረስ ተንከባሎ ነበር። አብራሪው ያን ቀን የማለውን መሐላ እዚህ አልጽፈውም።

ነሐሴ ዘጠኝ፣ ሐሙስ፣ ባየሽ መጣች።

የሟቹ የልብስ ሰፊው የውባንተ ልጅ ናት። ቀጠን ያለች፣ ቅንድቧ የተጋጠመ፣ አንገቷ ላይ ሁልጊዜ የመለኪያ ሜትር የሚንጠለጠል። አባቷ የተዉላት ሀብት አንዲት በእጅ የምትዞር የስፌት መኪና ብቻ ናት። ጎንደር ያለ የሴቶች የስፌት ማኅበር «መኪናሽን ይዘሽ ከመስከረም በፊት ከደረስሽ ቦታ አለሽ» ብሎ ጽፎላታል። ቀበሌ የሰጣት የይለፍ ወረቀት ደግሞ የሚያገለግለው እስከ ነሐሴ ሠላሳ ነው። ከዚያ ካለፈ ቦታውም የለም፣ ይለፉም የለም።

መኪናዋን ከጣውላ መቀመጫዋ ነቅላ፣ በጥጥ ጠቅልላ፣ ራሷ በሰፋችው የሸራ ቦርሳ ውስጥ አስተኝታታለች። ደምለው ቦርሳዋን ሚዛን ላይ አወጣት። ሚዛኑ ከሰሊጥ ነጋዴው ከሐጂ ጀይሉ የተዋሰው ነው፤ ሐጂም ከሚዛናቸው ስለማይለዩ በየሐሙሱ ካጠገቡ ጆንያ ላይ ይቀመጣሉ።

«አሥራ ሁለት ኪሎ» አለ ደምለው። «ይቺ ከሌላው ሻንጣ ጋር ትጫን።»

«ከሌላው ጋር? እናንተ ዕቃ የምትወረውሩት እንደ ማሽላ ነዶ አይደለም? የአባቴ መዘውር ቢሰበር አንተ ትዞርልኛለህ?»

«እንግዲያው ሳጥኗ ትያት።»

ቦርሳዋ ወደ ሳጥኗ ወረደች፤ አፏ ላይ ስትደርስ ተቀረቀረች።

«አልገባችም፣ እህቴ።»

«ግፋት!»

«ገፋኋት።»

«ቁርስ እንደበላ ሰው ግፋት!»

ሐጂ ጀይሉ ሳቁ። «ያ ዙል፣ አንተ ሰው፣ ልጅቱን አሳፍራትና እኛንም አሳርፈን!»

«ሳጥኗ የወንበሩ ሥር ማለት ናት፣ ሐጂ። እዚህ ያልገባ እዚያም አይገባም። ጭኔ ላይ ልያዝ ብትል፣ አውሮፕላኗ ዘንበል ስትል ብረቱ የፊተኛውን ሰው ማጅራት ይለዋል።» ወደ ባየሽ ዞረ። «የተረፈችው አንድ ጣት ናት። ጥጡን ቀንሺላት፤ ለሐሙስ ትገባለች።»

በዚህ ጊዜ የባየሽ ፊት በርበሬ ሆነ። ጥርሷን ስታፋጭ ሜዳው ላይ የነበሩት ላሞች ሳይባረሩ በራሳቸው ወጡ!

«መለካት እኔን ልታስተምረኝ ነው? ይህን ሜትር ለጌጥ ያንጠለጠልኩት መሰለህ? ሰውን ገና ከሩቅ ሳየው የምለካ ነኝ! ያንተ የሸሚዝህ ግራ እጅጌ ከቀኙ በሁለት ጣት ይረዝማል፤ መጀመሪያ እሱን አስተካክል!»

ደምለው እጅጌውን አየ። ሁለት ዓመት የለበሰው ሸሚዝ ነው፤ ልብ ብሎት አያውቅም። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። አውሮፕላኗ አቧራና ጠጠር አልብሳቸው ሄደች።

ባየሽ ያን ሳምንት እንዴት አሳለፈችው? በንዴት! የሰፋችው ቀሚስ ሁሉ ጠበበ። እንቅልፍ ሊወስዳት ሲል ያ ዝግ ያለ ድምፅ «አልገባችም፣ እህቴ» እያለ ይመጣባታል፤ ዘልላ ትነሳለች። «እህቴ ይለኛል! የት ያውቀኛል?»

ነሐሴ አሥራ ስድስት ተመለሰች። ሰላምታ የለም። ቦርሳዋን ሚዛኑ ላይ ጣለቻት።

«አሥራ አራት» አለ ደምለው። የሚዛኑን መርፌ አየና ደግሞ እሷን አየ።

ሳጥኗ አሁንም እንቢ አለች።

«ጥጡን ቀነስሽ?»

«ቀነስኩ!»

«እንግዲህ አንድ ጣት የነበረው ሁለት ጣት ሆኗል።»

«ጣት ጣት አትበልብኝ! ጣትህን ቆርጬ ሳጥንህ ውስጥ ነው የማስቀምጥልህ፣ ጓድ ሳጥን!»

መንገደኛው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ከመተማ እስከ ገለጉ፣ ከዚያም ወሰን ተሻግሮ የደምለው ስም «ጓድ ሳጥን» ሆኖ ቀረ። እሱ ግን አልተቆጣም። አውሮፕላኗ ከሄደች በኋላ ከኮዳው ውሃ ቀድቶ ሰጣት። ፀሐዩ ያን ቀን ድንጋይ ላይ ዕንቁላል ይጠብስ ነበር። በንዴት ተቀበለችው፣ በንዴት ጠጣችው፣ ኮዳውን በንዴት መለሰችለት። ስትመልስ ጣታቸው ተነካካ፤ ያ ንክኪ ግን ንዴት አልነበረበትም።

ነሐሴ ሃያ ሦስት ቦርሳዋ አሥራ ሰባት ኪሎ መዘነች። ብረት በሳምንት ውስጥ ሦስት ኪሎ ይጨምራል ወይ ለምትሉኝ፣ መልሱ ቀላል ነው፤ የከበደው ንዴቷ ነው! ሰው ሲናደድ ዕቃው ይከብዳል። ይህን እኔ ራሴ በበሬ ቀንበር ሞክሬ አይቼዋለሁ።

ደምለው ኪሎውን አነበበ። ሚዛኑ ላይ ጥቂት የሰሊጥ ፍሬ ፈስሶ ነበር፤ የሰሊጥ ሚዛን ነውና ማን ልብ ይለዋል? እሱ ግን አንድ በአንድ እየለቀመ፣ እሷን እያየ ቆረጠመው።

«ምን ያስበላሃል? ፍረድ!» ብላ ጮኸችበት።

«አልገባችም።»

«ሰባት ቀን ነው የቀረኝ! ይለፌ ይቃጠላል፤ ቦታዬን ሌላ ሰው ይይዘዋል! ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል» አለ፤ ድምፁ ከወትሮው ይበልጥ ዝቅ አለ።

«ያ እጅጌህ ደግሞ! ኧረ ዓይኔን አቃጠለኝ!» ክንዱን ነጥቃ እጅጌውን በሁለት ጣት አጠፈችና፣ ከደረቷ ላይ መርፌ ነቅላ ወጋ ወጋ አድርጋ ያዘችለት። እንዲህ ስትሠራ ትንፋሿ ክንዱ ላይ ይሰማው ነበር። ቁሞ ቀረ። ሐጂ ጀይሉ ፊታቸውን ወደ ጆንያው አዙረው «ኸላስ፣ በቃ፣ ይህ ሚዛን ሌላ ነገር መመዘን ጀምሯል» አሉ።

መጨረሻው ሐሙስ ነሐሴ ሠላሳ ነው። ያን ቀን የመተማ ሕዝብ በሙሉ ሜዳው ላይ ወጥቷል፤ አሥር ሺህ ሰው ብል አላጋነንኩም። ባየሽ በአንድ እጇ ቦርሳዋን፣ በሌላው መዶሻ ይዛ መጣች።

«ዛሬ የምትለካው ቦርሳዬ አይደለችም» አለች። «ሳጥንህ ናት!»

ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ሳጥኗ ውስጥ ዘረጋች። «አርባ ሁለት! እናንት ሰዎች፣ ውጭው አርባ አምስት ይላል፣ ውስጡ አርባ ሁለት ነው!» በመዶሻዋ ጥፍር ጎን ጎኑን ፈለቀቀችው። ቀጫጭን ጣውላዎች ተነቅለው ወደቁ። ምስማራቸው አዲስ ነው፤ ገና አልዛገም።

አብራሪው ሳይቀር ወርዶ ቆሟል።

«ማን ነው የቸነከረው?»

ደምለው ጣውላዎቹን አየ። ሕዝቡን አየ። እሷን አየ።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ለምን?»

«እንዳትሄጅብኝ።»

በጥፊ አለችው! የጥፊው ድምፅ ገለጉ ድረስ ተሰምቶ፣ እዚያ ያሉ ሰዎች ነጎድጓድ ነው ብለው የተሰጣ ሰሊጣቸውን አስገብተዋል። አብራሪው ሰዓቱን እያየ «እህት፣ ትሄጃለሽ ወይስ አትሄጂም?» አላት። ሳጥኗ ሰፍታለች፤ ይለፏ እስከ ማታ ይሠራል፤ መንገዱ ክፍት ነው።

ባየሽ አውሮፕላኗን አየች። ከዚያ ያቺን በመርፌ የተያዘች እጅጌ አየች። ሳምንቱን ሙሉ አላወለቃትም ነበር።

«ሂድ አንተ!» አለችው አብራሪውን። «ንዴቴን በዚህ ሰው ላይ ሳልጨርስ የት እሄዳለሁ?»

በጥር ተጋቡ። ንዴቷ እስከ ዛሬ አላለቀም፤ ሦስት ልጅ ወልደውበታል።

ይህን ታሪክ ባለፈው እሑድ እዚያው ገንዳ ውሃ፣ ሱቃቸው በረንዳ ላይ፣ ያ የወሎ ጎረምሳ እየሰማ እንዲሁ ተረክሁት። ባየሽ ያቺኑ መኪና እያዞረች የአንዱን ሱሪ ትጠቅማለች። ደምለው ካጠገቧ ተቀምጦ ክር ይፈታል። ስጨርስ ጎረምሳውን በኩራት አየሁትና «ይቻት ባለቤቲቱ! ጠይቃት!» አልኩት።

ባየሽ መዘውሩን አቆመች።

«ጣውላ የሚባል አልነበረም፣ ጋሽ አምባው» አለች፣ ዝግ ብላ።

«ምን አልሽ?»

«ሳጥኗ ልክ ነበረች። የመጀመሪያው ሐሙስ እውነትም በአንድ ጣት ተረፈች። ቤት ገብቼ ጥጡን ቀንሼ ስለካት ልክ መጣች። ኋላ ያቺ እጅጌ ትዝ አለችኝ። ሰሊጥ ጠቀጠቅሁባት፤ በየሐሙሱ።»

«መዶሻውስ? ጥፊውስ?»

«መዶሻም ጥፊም አልነበረም። መጨረሻው ሐሙስ ቤቴ ነው የዋልኩት።»

ያድነኝ እንደሆነ ብዬ ወደ ደምለው ዞርኩ። «አንተ እንኳ ተናገር እንጂ፣ ወንድሜ!»

ደምለው ክሩን በጥርሱ በጠሰ። «ሚዛኑ እኔ ዘንድ አልነበረ፣ ጋሼ?» አለ። «አሥራ ሁለት። አሥራ አራት። አሥራ ሰባት።»

ባየሽ ቀስ ብላ ወደ እሱ ዞረች።

«እያወቅህ ነው ዝም ያልከው?»

«ዝም አልኩ» አለ።