ቀዝቃዛው ዘይት

የማሽን ኦፕሬተሩ ከኤክስካቫተሩ ጎን በጀርባው ተንጋሎ ሞቶ ተገኘ። ፊቱና ደረቱ በዘይት ተለውሷል፤ ከራሱ ሥር ያለው ድንጋይ ደም ጠግቧል። ከበላዩ የማሽኑ የዘይት ታንክ ክዳን እንደተከፈተ ነው።

«የፈላ ዘይት ፈንጥቆበት ነው የወደቀው» አለ ፎርማኑ ባርኔጣውን አውልቆ። «ምስኪን! ማሽኑን እንደ ልጁ ነበር የሚያየው።»

መርማሪዋ ወደ ሬሳው ቀረበች። ለዓመታት የሥራ ቦታ አደጋ ስትመረምር የኖረች ሴት ናት። ወደዚህ ድንጋይ ካባ የመጣችውም ገደሉ ለሠራተኛው ያሰጋል ተብሎ ነበር። ገደሉ ግን እስክትመረምረው አልጠበቃትም፤ ከትናንት በስቲያ ተንዶ ብቸኛውን መውጫ ደፈነው። ዙሪያው ቀጥ ያለ ድንጋይ፣ ላዩ ቁራጭ ሰማይ ሆነ። ስልክ አይሠራም፤ ዝናቡም አላባራ ብሎ ውኃው የመጋዘኑን ደረጃ መላስ ጀምሯል። ከሟቹ ሌላ እዚያ የቀሩት እሷ፣ ፎርማኑ፣ መካኒኩና የገልባጭ መኪና ሹፌሩ ብቻ ናቸው። ሟቹን በእርጋታው «አባ ቀስ» ይሉታል፤ የሹፌሩ ሚስት ታላቅ ወንድም ነው።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ በመሐረቧ የሟቹን ፊት ጠረገች። ቆዳው አልተላጠም፤ ውኃም አልቋጠረም። የፈላ ዘይት እንዲህ አይምርም።

ሦስቱን ወንዶች ወደ መጋዘን ሰደደችና ብቻዋን ጋቢናው ላይ ወጣች። ሞተሩን ሳታስነሳ ቁልፉን ብቻ ብታዞረው ቀይ መብራት በራ፤ የዘይቱ ሙቀት መቶ ስምንት ዲግሪ ይላል። ቁልፉን መለሰችና ወርዳ ታንኩን በመዳፏ ዳበሰችው። እንደ ድንጋዩ ቀዝቅዟል።

ዙሪያዋን የከበበውን ድንጋይ ቃኘች። የተዘጋ ቦታ ከልጅነቷ ጀምሮ አትወድም። አሁን ደግሞ ከሦስቱ አንዱ ገዳይ ነው፤ የምትሮጥበት በር የለም።

መጀመሪያ ፎርማኑን ጠራች።

«ትናንት ከሟቹ ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«እንዴት አልጣላ! ናዳውን ጥረግና አውጣን ብለው አሻፈረኝ አለ። ‹ገደሉ ገና አልረጋም፣ ማሽኑም አቅም የለው› ይላል።»

«አቅም ያሳጣው ምንድን ነው?»

«የሙቀቱ ሴንሰር ይዋሻል አለኝ መካኒኩ። ማሽኑ ሳይሞቅ የሞቀ እየመሰለው ጉልበቱን ይቀንሳል። በሉ ሲነጋ ሠርታችሁ ጥረጉ ብያቸው ተኛሁ።»

መካኒኩ ሲገባ ዓይኑ ቀልቷል።

«ስለ ሴንሰሩ ለማን ተናገርክ?»

«ለፎርማኑና ለአባ ቀስ ብቻ። ጨለመብኝና ሴንሰሩ ይሁን ሽቦው ሳልለይ ተውኩት። አባ ቀስ ራሱ ታንኩን ዳብሶ ቀዝቃዛ መሆኑን አይቷል። ታዲያ ምን ሊያበርድ ነው ክዳኑን የሚከፍት?»

«አንተና እሱ ትስማማላችሁ?»

«በየቀኑ እንነታረካለን። እሱ ቀስ ሲል እኔ ቶሎ ስል። ቂም ግን በመሃላችን አልዞረም።»

ሹፌሩ ከሁሉም ወጣት ነው። ተቀመጥ ብትለው ቆሞ ቀረ።

«ባለቤትህ ነፍሰ ጡር ናት?»

«ቀኗ ደርሷል። አሁን ምጥ ይዟት ይሆናል፤ እኔ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ!»

«ሌሊቱን የት ነበርክ?»

«መኪናዬ ውስጥ ተኝቼ። ፎርማኑ እስኪጮህ አልወረድኩም፤ ከናዳው እስከ ዛሬ ጠዋት ማሽኑ ጋ አልደረስኩም።» እንባው መጣ። «ጋሼ ምን ነካው! መብራቱ ቀልቶ እያየ ክዳን ይከፍታል?»

መርማሪዋ ሁሉንም ማሽኑ ዘንድ ሰበሰበች።

«ቁልፉን አዙር» አለችው መካኒኩን። «የሴንሰሩን ሶኬት ደግሞ እኔ እነቅላለሁ። ውሸታሙ ሴንሰሩ ከሆነ ቁጥሩ ይወርዳል።»

ሶኬቱን ነቀለችው።

«ወረደ?»

«ኧረ ንቅንቅ አላለም! መቶ ስምንት ነው።»

«እንግዲያስ ሴንሰሩ ንጹሕ ነው። ሽቦው የሆነ ቦታ ተልጦ ብረት ነክቷል።»

ሽቦውን በእጃቸው ተከትለው ሄዱ። ከጋቢናው ጀርባ የናዳ ድንጋይ መሸፈኛውን ጨፍልቆ ሽቦውን ከብረቱ ጋር አጣብቆታል። መካኒኩ አላቀቀው፣ በናስትሮ ጠቀለለው፣ ሶኬቱንም መለሰ። ቀዩ መብራት ጠፋ፤ ቁጥሩ አሥራ ስምንት ሆነ።

«አሁን ስሙኝ» አለች መርማሪዋ። «ዘይቱ ሌሊቱን ሙሉ ቀዝቃዛ ነበር፤ የሟቹም ፊት አልተቃጠለም። ዘይቱን ሌላ ሰው ነው ያፈሰሰበት፣ የቃጠሎ አደጋ ለማስመሰል። ይህን ያደረገው ደግሞ ዘይቱ የፈላ መስሎት ነው። መካኒኩ እንዳልፈላ ያውቃል። ፎርማኑም ጠዋት ‹የፈላ ዘይት› ያሉት ደንግጠው ነው፤ ራሳቸው ‹ሴንሰሩ ይዋሻል› ብለውኛል።»

ፎርማኑ ወደ ሹፌሩ ዞረ።

«አንተ ‹መብራቱ ቀልቶ› አልከኝ» አለችው መርማሪዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ያ መብራት ቁልፉ ካልዞረ አይበራም። ሽቦውን የጎዳውም ናዳው ነው፤ ከዚያ በፊት ቀልቶ አያውቅም። ማሽኑ ጋ ካልደረስክ የት አየኸው?»

ሹፌሩ ከሬሳው አጠገብ ተንበረከከ።

«ልገድለው አይደለም! አልነጋ ሲለኝ፣ እህትህን አስባት ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ‹ገደሉ ይርጋ፤ ማሽኑም ታሟል› አለኝ። ራሴ ልጠርገው ዘልዬ ወጥቼ ቁልፉን አዞርኩት። ከጋቢና ጎትቶ አወረደኝ… ገፋሁት። ብቻ ገፋሁት፤ ድንጋዩ ተቀበለው። ቀዩን አይቼ ስለነበር፣ ክዳኑን ከፍቼ በጣሳ ቀድቼ አፈሰስኩበት።»

«ቀዝቃዛ መሆኑን እጅህ አልነገረህም?»

«ያኔ እጅ ነበረኝ እንዴ?»

ፎርማኑ ሊያስረው ገመድ አነሳ። «ምን ያደርግልናል?» አለች መርማሪዋ። «የት ይሄዳል?»

መካኒኩ ወደ ላይ አንጋጦ ገደሉን ለረጅም ጊዜ አየው፤ ከዚያ ሞተሩን አስነሳ። ማሽኑ ሙሉ ጉልበቱን አግኝቶ አገሳ። ድንጋይ በተንሸራተተ ቁጥር ሁሉም ትንፋሹን ይውጣል። ሹፌሩ ከሬሳው አጠገብ ተቀምጦ ዝንብ ያባርራል።

ከሰዓት በኋላ በናዳው አናት ቀዳዳ ተከፈተ፤ ከወዲያ ማዶ የሰው ድምፅ ገባ።

«አላችሁ? በሕይወት አላችሁ? ሹፌሩስ አለ? ሚስቱ በሰላም ተገላግላለች በሉት!»

ሹፌሩ ቀና ብሎ መርማሪዋን ተመለከተ።

«ስለ ወንድሟ እርስዎ ይንገሩልኝ፤ በፈጣሪ ይሁንብዎ።»

«አንተው ነህ የምትነግራት» አለችው። «እኔ ከጎንህ እቆማለሁ።»

ቀዳዳው ሰው እስኪያሾልክ ሰፋ። ፎርማኑ ወጣ፤ መካኒኩም ሞተሩን አጥፍቶ ተከተለው። መርማሪዋ ያን ሁሉ ቀን የናፈቀችው ነፋስ ፊቷን መታው፤ እሷ ግን አልወጣችም። ሹፌሩ ገና አልተነሳም ነበርና፣ ተመልሳ አጠገቡ ቆመች።