የማይጨው ተጓዦች ስም ሲጠራ

ባለፈው የካቲት አጋማሽ፣ እሁድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ቤቴል በሚገኘው የእድራችን አዳራሽ ውስጥ፣ ከሞተ ዘመናት ያለፉት ሰው ስሙ ሲጠራ «አቤት» የሚል ድምፅ መለሰ።

እኔ እንዲህ ያለውን ወሬ የማምን ሰው አይደለሁም። በጋዜጠኝነት ሥራዬ «ቤታችን መንፈስ ገባ» ብለው ጠርተውኝ ሄጄ፣ አንዱ ቤት ጣሪያ ላይ ድመት፣ ሌላው ቤት ሚስማሩ የላላ ቆርቆሮ አግኝቼ ተመልሻለሁ፣ ባለቤቴም «አንተ እኮ ሰይጣን ቢመጣብህ መታወቂያ ትጠይቀዋለህ» እያለች ትስቅብኛለች፣ ልክ ናት። ስለዚህ ይህንንም እንደ ማንኛውም ዜና ነው የምነግራችሁ፣ የሰማሁትን ሰማሁ፣ ያላየሁትን አላየሁም እያልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእድሩ አባላት ብዙዎቻችን አያት ወይም የአያት ወንድም ማይጨው የቀረብን ስለሆንን፣ ከፋሲካ በኋላ ሚኒባስ ተከራይተን ጦር ሜዳውን አይተን፣ መታሰቢያው ዘንድ ቆመን ለመመለስ ተስማማን፣ ያን እሁድም የተጓዦቹን ዝርዝር ለመዝጋት ተሰበሰብን። በአዳራሹ ውስጥ አሥራ አንድ ሰዎች ነበርን፣ ሻይ የምታቀርብልንን እቴነሽን ጨምሮ፣ አሁንም ስማችን ማስታወሻዬ ላይ አለ።

በዕድሜ ትልቁ አባባ ደምሴ ናቸው፣ ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸዋል። እሳቸው የሚሄዱት ለአያት አይደለም፣ ለአባት ነው። አባታቸው በዳኔ ይባላሉ፣ የዘመቱት እናታቸው እሳቸውን አርግዘው ሳሉ ነው፣ አልተመለሱም፣ ፎቶግራፍ የለ፣ ልብስ የለ፣ መልካቸውን የሚነግር ሰው እንኳ ካለቀ ቆይቷል። ችግሩ ልጃቸው ሲስተር ዘነበች ናት፣ ነርስ ስለሆነች የአባቷን ልብ ከሁላችንም በላይ ታውቃለች፣ አትሄድም ብላ ቆርጣለች። ጆሯቸው ስለማይሰማ አጠገባቸው ሆና ነበር የምትጮኸው።

«አባዬ፣ ደብረ ብርሃን ሳንደርስ ትታመምብኛለህ!»

«ደብረ ብርሃን ከደረስኩማ ግማሹን ጨርሻለሁ!»

«ኧረ ሩቡም አይሆን፣ አባባ!» አለ አንዱ ከኋላ፣ ሁላችንም ሳቅን፣ እሷም ሳቀች፣ ግን ቃሏን አልለወጠችም። ወንበራቸው እስከ ማክሰኞ እንዲጠበቅ ተስማማን፣ ማክሰኞ ቁርጡን ትናገራለች።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ዝርዝሩን ያተምሁት እኔ ነኝ፣ ሠንጠረዡ ከወረቀቱ ሰፍቶ የተጓዦቹ ስም በአንድ ወረቀት፣ የአባቶቻቸው ስም በሌላ ወረቀት ወጣ፣ የእድሩ ጸሐፊ ጋሽ ታፈሰም መነጽራቸውን ቤት ረስተው ስለመጡ ሁለተኛውን ወረቀት አነሡና ይጠሩ ጀመር።

«አየለ!» ዝም። «አየለ! አየለ የለም እንዴ?»

«ጋሽ ታፈሰ፣ አባቴን እኮ ነው የሚጠሩት!» አለች ወይዘሮ ጥሩወርቅ። «ካረፈ አሥር ዓመቱ ነው፣ ካስፈለገዎት ደብረ ማርቆስ ድረስ ሄደው ይጥሩት!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በዚያ ሳቅ መካከል ሁለት ነገር ልብ ብያለሁ፣ ያኔ ግን ቁም ነገር አላልኳቸውም። አንደኛው፣ ከግቢው በር ጀምሮ ጠጠሩን የሚረግጥ እርምጃ ቀስ እያለ መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ፣ መንገደኛ ሁሉ ላይ የሚጮኸው የዘበኛው ውሻም አልጮኸም፣ ተነሥቶ ጭራውን ቆላ። ሁለተኛው፣ በሩ አጠገብ የቆመችው እቴነሽ ትሪዋን እንደያዘች ወደ ጎን ጠጋ አለች።

ጋሽ ታፈሰ ሳቁ አልገባቸውም፣ ወደሚቀጥለው ስም አለፉ።

«በዳኔ!»

«አቤት» አለ የወንድ ድምፅ፣ ከበሩ በኩል፣ ቅርብ፣ እመኑኝ፣ ወንበር ስቦ ሊቀመጥ የመጣ ሰው ድምፅ ነው። ሁላችንም ዞርን። በሩ ላይ ከእቴነሽ ሌላ ሰው የለም። ወጥቼ ግቢውን አየሁ፣ ሽንት ቤቱን ከፈትሁ፣ ዘበኛውን ጠየቅሁ፣ የገባ የለም፣ የወጣም የለም። አስመስሎ የቀለደ እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቅሁ፣ ሁሉም ማለ፣ አንዱማ «እኔ ብሆን እስካሁን በሳቅ ሞቼ ነበር» አለኝ።

ያልሰማው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ አባባ ደምሴ። ልጃቸው በጆሯቸው ስትነግራቸው አልደነገጡም፣ አላለቀሱም፣ እየዞሩ ሁሉንም መጠየቅ ጀመሩ። «ድምፁ ምን ይመስላል? ወፍራም ነው? የሽማግሌ ነው የጎልማሳ?» አንዱ ወፍራም አላቸው፣ ሌላው ቀጭን፣ ሦስተኛው በድንጋጤ ልብ አላልኩም አለ። እንደ ሠርግ ዜና ነበር የሚሰበስቡት፣ ፊታቸው በርቶ።

እኔ ደግሞ ልማዴ ነው፣ ምስክሮች ተነጋግረው ቃላቸው ከመመሳሰሉ በፊት እያንዳንዱን ለብቻ ጠርቼ የሰማውን ጻፍሁ። እኔን ጨምሮ ዘጠኛችን የሰማነው «አቤት» ብቻ ነው። እቴነሽ ግን ሌላ ነገር ጨመረች።

«‹አቤት፣ መጣሁ› ነው ያለው» አለችኝ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አጠገቤ ነበር እኮ!»

«ወደ ጎን የተጠጋሽውስ ለምንድን ነው?»

«ሰው ሲያልፍ አይጠጋም እንዴ?» አለችና ራሷም ግራ ገብቷት አየችኝ።

ጽፌ ኪሴ ከተትሁት፣ ለማንም አልነገርኩም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አባባ ደምሴ ቤት ሄድሁ። ስብሰባ ሁሉ የምቀርጽ ስለሆንሁ የእሁዱም ስልኬ ላይ አለ፣ ሲስተር ዘነበች በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

«አንተ የማትዋሽ ሰው ነህ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ድምፁ ተቀርጾ ከሆነ አባዬ ይሂድ፣ እኔ ከአያቴ ጋር አልጣላም። ካልተቀረጸ ግን ራስህ ንገረውና ይቅር።»

«አልተቀረጸም» አልኳት፣ እውነቱ ይኸው ነውና፣ ሦስት ጊዜ አዳምጬዋለሁ። ከፋኝ፣ አልደብቃችሁም።

አባባ ደምሴ ግን ስነግራቸው ወይ አልሰሙኝም፣ ወይ መስማት አልፈለጉም፣ «አምጣው ልስማው» አሉ። ማዳመጫውን በሁለቱም ጆሯቸው ሰክቼ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈትሁት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቦታው ሲደርስ ደቂቃውን በስልኩ ላይ እየተከታተልሁ ነበር። ፈገግ አሉ።

«ታዲያ ‹አቤት› ብቻ መች አለ?» አሉ። «‹አቤት፣ መጣሁ› ነው ያለው። ድምፁም ቀጭን ነው ለካ! እኔ እኮ ዕድሜ ልኬን ወፍራም ነበር የሚመስለኝ።» ከዚያም ብቻቸውን ሳቁ።

ሲስተር ዘነበች ለአባቷ አዝና ራሷን ነቀነቀች። ማስታወሻዬን አወጣሁና የእቴነሽን ገጽ ከፍቼ ሰጠኋት። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ይህን ለአባዬ አሳይተኸዋል?»

«አላሳየሁም።»

«እቴነሽስ ነግራዋለች?»

«ከስብሰባው ቀጥታ ወደ ወሊሶ ሄዳለች፣ እናቷን ልትጠይቅ። እስካሁን አልተመለሰችም፣ ስልክም የላትም።»

ከዚያ ተነሥታ ከቁም ሣጥኑ ላይ ሻንጣ አወረደች፣ አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፣ ወደ አባቷ ጆሮ ጎንበስ ብላም ጮኸች።

«ሁለቱንም ጋቢ ይዘን ነው የምንሄደው! እኔም አለሁበት!»

«ተይ፣ ወንበር አታጣብቢ!» አሉ አባባ ደምሴ፣ እጇን ግን ያዙ።

በዚያው ዕለት የሲስተር ዘነበችን ስም ጨምሬ ዝርዝሩን በአንድ ወረቀት አተምሁ። የእሁዱን ስብሰባ ቅጂ ዛሬ ጠዋት ለአራተኛ ጊዜ አዳመጥሁት። ጋሽ ታፈሰ «በዳኔ!» ብለው ይጠራሉ፣ አራት ሰከንድ ምንም ድምፅ የለም፣ ከዚያ የሁላችንም ወንበር በአንድ ጊዜ ወደ በሩ ሲዞር ይሰማል።