የቁም ለቅሶ

«ቆይ፣ ይሄ ሻማ ለማን ነው?» አለች ናታሊ።

ሔራን ፖስተሯ ሥር ጧፍ እየደረደረች ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ትምህርት ቤታቸው ነገ የወላጆች ቀን ስላለው፣ የክፍሉ ትርኢት መክፈቻ ሆኖ ፊት ለፊት እንዲሰቀል የተመረጠው የሷ ፖስተር ነው። አናቱ ላይ በትልቁ «የጠፋው ሕዝብ፦ ፒስካታዌይ» ይላል። አገሩ የነዚህ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች እንደነበር፣ ቅኝ ገዢዎች መጥተው እንዴት እንደነቀሏቸው ጽፋለች። እናቷ ወይዘሮ ውብነሽ ይህን ሲሰሙ አንጀታቸው አልችል ብሎ፣ እዚያው አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ ካለው ቤተ ክርስቲያን ጧፍ ይዘውላት መጡ።

«ለሞቱት ነው፤ ነፍሳቸውን ይማርልን ብለን» አለች ሔራን።

ናታሊ ፖስተሩን አነበበችና ሳቀች፤ የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም። «ሲስ፣ እኔ እኮ ፒስካታዌይ ነኝ። የሞተ ሰው ነው ምሳ ላይ ቺፕስሽን የጨረሰው?»

የሔራን ፊት ጋለ። «አልነገርሽኝማ።»

«መች ጠየቅሽኝ? ድሮ የመንግሥት መዝገብ ላይ ፒስካታዌይ ሳይሆን ሌላ ዘር ናቸው እያሉ ይጽፉን ነበር። ለአያቴ ማን እንደሆነች ወላጆቿ የነገሯት ጎረቤት እንዳይሰማ በሹክሹክታ ነው። ለእኛ ግን እሷ ጮክ ብላ ነው የምትነግረን። ቅዳሜ እሷ ጋ በቆሎ እንሰበስባለን።»

«ርዕሱን መቀየር ነበረብኝ፤ ግን ፖስተሩን ዛሬ የነካካ የመክፈቻ ቦታውን ያጣል ተብሏል እኮ» አለች ሔራን።

«እሱ ያንቺ ጉዳይ ነው» አለችና ናታሊ አውቶቡስ ልትጠብቅ ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

ውጭ ወይዘሮ ውብነሽ መኪና ውስጥ ይጠብቃሉ። ሔራን ገብታ ቀበቶዋን ሳታስር፣ «እማ፣ አልሞቱም። ናታሊ ከነሱ ናት» አለች።

«ያቺ ቤታችን መጥታ ሽሮ ድገሙኝ ያለችው?»

«እሷው። ቅዳሜ አያቷ ጋ በቆሎ ይሰበስባሉ።»

ወይዘሮ ውብነሽ ሞተሩን ሳያስነሱ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «በቁማቸው አለቀስንባቸው በይኛ» አሉ። «ይሄ በስልክ ይቅርታ የሚባልበት አይደለም። ቅዳሜ እሺ ካሉን ቤታቸው ድረስ እንሄዳለን። ድፎ ዳቦ እደፋለሁ።»

ሔራን የመኪናውን በር መልሳ ከፈተች።

«የት ነው?»

«መጣሁ፣ እማ።»

ወደ ክፍሉ ተመልሳ ጧፉን ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ፖስተሩ አናት ላይ የተለጠፈውን «የጠፋው ሕዝብ» የሚል ወረቀት፣ ሥሩ ያለው እንዳይቀደድ በጥፍሯ ቀስ እያለች ላጠችው። ከዚያ ማርከሩን ይዛ ኮሪደር ላይ ወደተቀመጠችው ናታሊ ሄደችና ዘረጋችላት።

«ነገ ምናልባት ጥግ ላይ ነው የሚሰቅሉን» አለች። «ርዕሱን ግን አንቺ ጻፊው።»