«ባለቤቱ ከሞተስ?»

የሶዶው እህል ነጋዴ ቸሩ ሞቶ የተገኘው ከበዴሳ በመጣ በቆሎ ከተሞላው መጋዘኑ ጀርባ፣ የቀትር እንቅልፉን በሚተኛባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። መስኮቱ ከውጭ ተጠርቅሟል፤ ከአልጋው ሥር የነቀዝ መድኃኒት ተበትኗል። በዝግ ቤት እንደሚገድል ቸሩ ራሱ ለገበሬው ሁሉ ሲመክር የኖረ ሰው ነው። ስለዚህ ኢንስፔክተር ዓምደሚካኤል «አደጋ ነው» የሚለውን ወሬ ገና ከበሩ መለሰው።

በዚያ ቀትር መጋዘኑ የገቡት ሚስቱ ፈጠነች፣ ወንድሙ ቢያድግልኝ እና በቸሩ ንግድ ፈቃድ ከደጁ ጥራጥሬ የምትቸረችረው መቅደስ ናቸው።

ጣት የተቀሰረው በፈጠነች ላይ ነበር። የግብር ሠራተኛው በድሉ፣ ቸሩ ከመሞቱ በፊት አንዲት ሴት ከመጋዘኑ ስልክ ደውላ ባሏ ቢሞት የንግዱ ነገር እንዴት እንደሚሆን እንደጠየቀችው ቃሉን ሰጥቷል። ፈጠነች ደግሞ አላለቀሰችም። ሐሜት መቼ ምክንያት አጥታ ታውቃለች!

«ደውለው ነበር?» አላት ኢንስፔክተሩ።

«አልደወልኩም። የፋኑኤል አባት እያለ እኔ ስለ ግብር ምን አገባኝ?» አለች፣ የሰው ጉዳይ እንደምታወራ ሁሉ። በልጃቸው ስም እንጂ በሌላ ጠርታው አታውቅም። እሷ ከታሰረች ፋኑኤል ያለ አባትም ያለ እናትም ሊቀር ነው።

የግብር መክፈያው ሐምሌ እያለቀ በድሉ ከወረፋው መለየት ስላልቻለ፣ ኢንስፔክተሩ ሁሉንም በበድሉ ቢሮ ሰበሰባቸው።

«በድሉ፣ የገባህን ተወውና የተባለውን ንገረኝ። ቃሏ ምን ነበር?»

«"ባለቤቱ ከሞተስ፣ ፈቃዱ ይዘጋል ወይ?" ነው ያለችኝ።»

«ሚስት ብትሆን "ባለቤቴ" ትል ነበር። "ባለቤቱ" ያለችው የፈቃዱን ጌታ ነው፤ ባልና ሚስት ያደረግሃቸው አንተ ነህ። ወይዘሮ ፈጠነች ደግሞ "የፋኑኤል አባት" ከማለት ሌላ አያውቁም።»

የወንድሙን ሚስት ገዳይ ሲል የሰነበተው ቢያድግልኝ አንገቱን ደፋ።

«ቸሩ ንግዱ ሰልችቶት ፈቃዱን ሊመልስ ነበር» ቀጠለ ኢንስፔክተሩ። «ቢመልሰው የሚቋረጠው የማን እንጀራ ነው?»

«የኔ ነዋ!» አለች መቅደስ ቱግ ብላ። «ታዲያ ሞቱ ምን ይጠቅመኛል? ፈቃዱ ወራሾቹ እስኪወስኑ ብቻ ነው የሚቆየው!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። የበድሉ ፊት አመድ መሰለ።

«ይህማ እኔ በስልክ የመለስኩላት ነው» አለ።

«ቢመልሰው ያኔውኑ ይዘጋል፤ ቢሞት ግን ይቆያል» አለ ኢንስፔክተሩ። «መስኮቱን የጠረቀምሽው ይህን ከሰማሽ በኋላ ነው።»

መቅደስ አልካደችም። ፖሊሶቹ ይዘዋት ሲወጡ በድሉ ከሥራው ሌላ የሚናገረው ጠፋው።

«እትዬ፣ ግብሩ በሟች ስም ይቀጥል፣ ወደ እርስዎ ይዙር፣ ወይስ ይዘጋ?»

ፈጠነች ብዙ አላሰበችም። «ከቀጠለ እሷ የተመኘችው ይሞላላታል። ዝጋው።»

«ታዲያ ምን ሊበሉ ነው?»

«እሱን ነገ አስባለሁ» አለች። «ማልቀስም አለብኝ፤ እሱንም ነገ።»