የክላቪየስ ቅስት

ሸውቂ ለፖሊስ የሰጠው ቃል ይህ ነው፦ «ፀሐይ ስትጠልቅ በትንሹ ቴሌስኮፕ ቤት ነበርኩ። ከዶክተሩ ጋር ትልቁ ጉልላት ውስጥ የነበረው ላቢብ ነው።»

የላቢብ ቃል ደግሞ ይህ ነው፦ «ፀሐይ ስትጠልቅ በትንሹ ቴሌስኮፕ ቤት ነበርኩ። ከዶክተሩ ጋር ትልቁ ጉልላት ውስጥ የነበረው ሸውቂ ነው።»

ዶክተር ሃፊዝ ሩሽዲ ከካይሮ በስተደቡብ ባለ የበረሃ ኮረብታ ላይ የጨረቃን ካርታ ሲያዘጋጁ የኖሩ ሰው ነበሩ። በትልቁ ጉልላት የብረት ደረጃ ግርጌ ጭንቅላታቸው ተፈንክቶ ሞተው ተገኙ። ረዳታቸው ላቢብ በዚያው ቀን፣ «አንድ ቀን ከዚህ ደረጃ ተንከባልለው ይገላግሉናል» ብሎ ሲቀልድ ዘበኛው ሰምቶት ነበርና ታሰረ። ቀልዱ አንገቱን ለገመድ ሊያበቃው ነው።

ሻምበል ዋዲዕ ሁለተኛውን ረዳት አስጠራ።

«ያን ምሽት የሣልከውን አሳየኝ።»

ሸውቂ ወረቀቱን ዘረጋ። ክላቪየስ የተባለው የጨረቃ ታላቅ ጉድጓድ ነው። በሰፊው ወለሉ ላይ ትናንሽ ጉድጓዶች፣ ከትልቋ ወደ ትንሿ እያነሱ፣ እንደ ጎበጠ መቁጠሪያ በቅስት ተሰልፈዋል።

«ከሣልከው በኋላ ታስተካክለዋለህ?»

«ማስተካከል?» ሸውቂ ሳቅ አለ። «ዶክተሩ እጄን በሰበሩት! ‹ዓይን ያየውን እጅ ያስቀምጥ፤ ማስተካከል የቢሮ ሥራ ነው› ይሉ ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ነክቼ አላውቅም፣ ጌታዬ።»

ሻምበሉ ሥዕሉን ለሟቹ ልጅ ለኢናያት ወሰደላት። እሷ የአባቷን ስሌቶች የምትሠራ፣ የሸውቂም እጮኛ ነበረች።

«ከአሮጌ ሥዕል የተቀዳ ይሆን፣ ልጄ?»

«አይደለም። የጉድጓዶቹ ጥላ በየሰዓቱ ይለዋወጣል፤ ይህ የዚያ ምሽት ነው።»

«እጮኛሽ ስለሆነ እንዳይሆን?»

«ሻምበል፣ ጥላ እጮኛ አያውቅም።» ፊቷ ላይ ሐዘንም እፎይታም አልነበረም። ከቀብሩ ወዲህ ምንም አልነበረበትም።

በዚያ ምሽት ሻምበሉ በሁለቱም ቴሌስኮፖች ጨረቃን አየ። በማግስቱ ሦስቱንም በሟቹ ቢሮ ሰበሰባቸው። ላቢብ እጁ በካቴና ታስሮ ነበር። ስኳር የሌለው የሐዘን ቡና ቀረበ፤ የነካው ግን የለም።

«ትንሹ ቴሌስኮፕ አንገት እንዳይቆለመም ብርሃን ማጠፊያ መስታወት ተገጥሞለታል» አለ ሻምበሉ። «መስታወት ደግሞ ቀኝን ግራ ያደርጋል። ትልቁ ጉልላት ውስጥ ያለው ቴሌስኮፕ ግን መስታወት የለውም። ትናንት እንዳየሁት፣ ከትልቋ ጉድጓድ ወደ ትንሿ ሲኬድ ቅስቱ በትንሹ ቴሌስኮፕ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፣ በትልቁ ወደ ግራ። ሸውቂ፣ የአንተ ወዴት ይታጠፋል?»

ሸውቂ ወረቀቱን አዞረው። እንደገና አዞረው። ቢያዞረው ቢያዞረው ቅስቱ ወደ ግራ ነበር።

«ሥዕሉ የዚያ ምሽት መሆኑን ኢናያት አረጋግጣለች። እንደማታስተካክለው አንተው ነገርከኝ። የሣልከው ትልቁ ጉልላት ውስጥ ነው።»

«አንተ ሞኝ!» አለ ላቢብ። «እኔን ለማሰቀል ስትዋሽ ወረቀቱን እንኳ መቅደድ አቃተህ?»

«እንዴት ብዬ እቀደዋለሁ? እንዲህ ያለ ጥላ መቼ ይገኛል?» ሸውቂ ድምፁን አላነሳም። «ካርታው ላይ የሚወጣው የእሳቸው ስም ብቻ መሆኑን ነገሩኝ። ገፋኋቸው። ታች ወድቀው ያቃስቱ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ብርሃኑ የመጨረሻዋን ጉድጓድ ጠርዝ ሊነካ ነበር። ተመልሼ ተቀመጥኩና ጨረስኩት።»

ወታደሩ የላቢብን ካቴና ፈታ። ላቢብ አንጓውን እያሻሸ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

ኢናያት ሥዕሉን አንስታ በመስኮቱ ብርሃን ረጅም ጊዜ ተመለከተችው፤ ከዚያ ወደ ሻምበሉ ዞረች።

«ሥዕሉ ትክክል ነው። ካርታው ውስጥ ይገባል፤ ከሥሩም የሸውቂ ስም ይጻፋል። ፍርድ ቤት ቀርቤ በእሱ ላይ የምመሰክረውም እኔ ነኝ።»