ዶሮዎቹ እስኪገቡ

ሀቢቡላህ ከእጁ የወጣ ዕቃ ቫርኒሽ ሳይቀባ ለሰው አይሰጥም። ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ያለው የእንጨት ሥራ ቤቱ የሚታወቀው በዚህ ነው። በርጩማም ይሁን የሙሽራ ሳጥን፣ ፊት እስኪያሳይ ድረስ ያንጸባርቀዋል። ስለዚህ ሱሀይላ መጥታ የጫጩት ማሳደጊያ ሳጥን ስታዝዘው የደረሰው ጥፋት ከልማዱ የመጣ ነው ማለት ይቻላል። ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ልማድ ብቻ አልነበረም። ልጅቷ በክንዷ እየለካች «ከዚህ ከፍ አይበል፣ ሙቀቱ ያመልጣል» ስትለው፣ እሱ ድምጿን እንጂ ቃሉን አልሰማም።

ሱሀይላ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ከአባቷ ከጋሽ ቲጃኒ ጋር ትኖራለች። ተመርቃ ሥራ ስታጣ፣ አዲስ አበባ ያለችው አክስቷ ሐጂራ «ወደ እኔ ትምጣና ሱቅ ትቁምልኝ» እያለች ጋሽ ቲጃኒን መቀመጫ መቆሚያ አሳጥታቸዋለች። ሱሀይላ ግን መሄድ አልፈለገችም። የምትፈልገው እዚሁ ጅማ ሆና ዶሮ ማርባት ነው። በመጨረሻ አባቷ አንድ ዕድል ሰጧት። የአንድ ቀን ጫጩቶች ታምጣ፤ አድገው ጓሮ ወጥተው የዶሮ ቤት እስኪለምዱ ካደረሰቻቸው ትቅር፣ ካለቁባት ሻንጣዋን ታዘጋጅ።

ሳጥኑ ሲመጣ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ አየው። ዋንዛ ነው፣ ክዳኑ ላይ አበባ ተቀርጾበታል፣ ውስጡም ውጭውም ያብረቀርቃል።

«ይሄ ለጫጩት ነው ለሙሽራ?» አሉ ጋሽ ቲጃኒ።

ሀቢቡላህ እስከ ጆሮው ቀላ፤ ሳጥኑን አስቀምጦ ሄደ።

ሱሀይላ ጫጩቶቹን አስገብታ የማሞቂያ አምፖሉን አበራች። ከሰዓት በኋላ ጩኸታቸው ቀነሰባት። ክዳኑን ስታነሳ አፋቸውን ከፍተው፣ ክንፋቸውን ጥለው ተኝተዋል። በደንብ ያልደረቀው ቫርኒሽ በአምፖሉ ሙቀት ተንኖ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። በሻሿ እያፈሰች ወደ ንጹህ አየር አወጣቻቸው። አብዛኞቹ ነፍስ ዘሩ፤ ጥቂቶቹ ግን እጇ ላይ ሞቱ።

ሀቢቡላህ ተጠርቶ ሲመጣ በረንዳው ላይ የተረፉትን ጫጩቶች በካርቶን ታቅፋ ስታለቅስ አገኛት።

«ሙቀት የሚይዝ ነገር ነው ያዘዝኩህ። አበባ ቅረጽልኝ ማን አለህ?»

ሌላ ሰው ቢሆን ሰበብ አያጣም ነበር። እሱ ግን መሬት መሬት እያየ «እንዲያምርልሽ ብዬ ነው» አላት። «ወላሂ፣ ሌላ ምንም አላሰብኩም።»

ቀና ብላ አየችው። ንዴቷ ቶሎ አልለቀቃትም፤ ግን እንዲህ እውነቱን ተናግሮ ፊቷ የቆመ ሰው ላይ መጮህ ከበዳት።

ሳይመሽ ሌላ ሳጥን ይዞ ተመለሰ። ጣውላው አልተላገም፣ ቀለምም አልነካውም። ግድግዳው ድርብ ነው፣ መሀሉ ላይ ጭድ ስለተጠቀጠቀበት መብራት ቢጠፋም ሙቀቱን ይይዛል። ሀቢቡላህ በዕድሜው እንዲህ ያለ አስቀያሚ ዕቃ ሠርቶ አያውቅም። ሱሀይላ እጇን አስገብታ ሙቀቱን ስትሞክር ግን ፈገግ አለች። ባለ አበባውንም መጣል አልሆነላትም፤ ክዳኑን ከፍታ ጓዳ አስቀመጠችው።

ከዚያ በኋላ ሀቢቡላህ መመላለስ አበዛ። መጀመሪያ ጫጩቶቹ እንዴት ሆኑ ብሎ መጣ። ቀጥሎ የውሃ መጠጫው ዘመመ ብሎ። ጫጩቶቹ ላባ አውጥተው ፀሐይ ሲሞቅ ጓሮ መውጣት ሲጀምሩ ደግሞ ጭልፊት ሳይለምዳቸው የዶሮ ቤት መሥራት አለብን አለ። «አለብን» ማለቱን ሱሀይላ ልብ አለች። ጋሽ ቲጃኒም ሰምተዋል፤ ግን ሬዲዮናቸውን ከፍ አደረጉ።

ቤቱ ተሠርቶ አለቀ፤ ቆጡም ተገጠመ። ነገር ግን እናት ያላሳደገችው ዶሮ ቆጥ መውጣት የት ያውቃል? ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁሉም አዲሱን ቤት ጥለው በረንዳ ላይ ካለው የጭድ ሳጥን ሥር ይከመራሉ። መፍትሔው በየምሽቱ አንድ በአንድ እያነሱ ቆጡ ላይ ማስቀመጥ ነው። ሱሀይላ ታቀብላለች፣ ሀቢቡላህ ይቀበላል። ቄቧ ከእጅ ወደ እጅ ስታልፍ ጣቶቻቸው ይነካካሉ፤ እሱም ቶሎ አይቀበል፣ እሷም ቶሎ አትለቅ። ቄቧ ግራ ገብቷት አንዴ እሱን አንዴ እሷን ታያለች።

አንድ ምሽት ሀቢቡላህ ሲመጣ ዶሮዎቹ ማንም ሳይነካቸው ተከታትለው ገቡና ቆጡ ላይ ወጡ። ሱሀይላ አልሀምዱሊላህ አለች። አዲስ አበባ መሄድ ቀረ፣ የተመኘችው ሁሉ ደረሰ፤ ሆኖም ከእንግዲህ ለሀቢቡላህ የምታቀብለው ዶሮ የለም።

«ተማሩ እኮ» አለ ሀቢቡላህ።

«ተማሩ።»

«እንግዲህ እኔም...» ብሎ ጀመረና ተወው። ደህና እደሩ ብሎ ወጣ።

በማግስቱ የሀቢቡላህ ስልክ ጠራ፤ ሱሀይላ ናት። ዶሮዎቹ እምቢ ብለዋል፣ የተማሩትን ረስተዋል፣ ማሎ፣ እባክህ ቶሎ ና አለችው። እሱም መጋዙን ጥሎ መጣ።

ዶሮዎቹ በራቸው ሥር ተኮልኩለው ይጮኻሉ። ሀቢቡላህ ራሱ የሠራውን መቀርቀሪያ አየ፤ በሩ ከውጭ ተቀርቅሯል። ዞሮ ሱሀይላን አያት። እሷ የጎረቤቱን የማንጎ ዛፍ ታያለች። መቀርቀሪያውን ሳበው፤ ዶሮዎቹ ተጋፍተው ገቡ።

«ነገም ይረሳሉ?» አላት ቀስ ብሎ።

«አንተ ከቀረህ ይረሳሉ» አለች፣ አሁንም ማንጎውን እያየች።

ሀቢቡላህ ትላንት ያቃተውን ዛሬ አንድ ትንፋሽ ወስዶ ጨረሰው። ወደ በረንዳው ሄዶ «ጋሽ ቲጃኒ፣ እርስዎ ከፈቀዱ ሱሀይላን ማግባት እፈልጋለሁ። ሽማግሌ ልላክ?» አለ።

ጋሽ ቲጃኒ ሬዲዮናቸውን ዘጉ።

«ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ያን የዶሮ ቤት በር ቀርቅራ ስትጠብቅህ እያየኋት ነው፤ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ ልጄ፣ ኢልማ ኮ? ጁምዓ አባትህን ይዘህ ና።» ወደ ጓዳው በአገጫቸው አመለከቱ። «ለሙሽራዋ ግን ሌላ ሳጥን እንዳትሠራ። የባለ አበባው ሽታ ጠፍቷል።»